ሽማግሌ ሆኜ የተላክሁበት ቅዳሜ

«ልጄ፣ አንቺን ግን ሰው አሳምኖሽ ያውቃል?»

የጠየቁኝ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ የሥነ ዜጋ መምህር ናቸው። ክፍሉ ውስጥ የነበረው አስተማሪ ሁሉ ሳቀ። እኔ ፊታቸው ቆሜአለሁ፤ በአንድ እጄ የፕሮጀክተሩ ሪሞት፣ በሌላው ማርከር። ርዕሴ ደግሞ «ሰው የሚጣላበትን ጉዳይ ክፍል ውስጥ ተከባብሮ ማወያየት» ነው። አስቡት እንግዲህ። ስለ መከባበር የማሠለጥነው እኔ ነኝ፤ ገና ሻይ ሳይደርስ ስንቱን አስተማሪ አቋርጬአለሁ፣ አንዱንማ «ይሄ ልክ አይደለም፣ ይቀመጡ» ብዬዋለሁ።

የምርቃት ጋውኔን ከመለስኩ ብዙም አልቆየሁም። ካዛንቺስ አንድ የግል ኮሌጅ፣ የትምህርት ጥራት ቢሮ ውስጥ፣ በሙከራ ጊዜ ተቀጥሬ ነበር። ኮሌጅ ይባል እንጂ ከአንድ ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ጀምሮ ወደ ላይ ያለው ነው። ምድር ላይ ካፌ አለ፣ ከካፌው ጎን የሶፋ ሱቅ። ተማሪ ወንበር ሲጎትት የሶፋ ሱቁ ባለቤት ከሥር ሆኖ ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባል። ሥልጠናውን እንድሰጥ ያዘዙኝ ዲኑ ናቸው። አስተማሪዎቹ ፈርተዋል፤ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ብሔር፣ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ሰፈር መፍረስ አንድ ነገር ከተነሳ ክፍሉ ወይ ይጮሃል ወይ ዝም ይላል። ስለዚህ ሁሉም ኖት ያስጽፋል። «አንቺ አፍሽ አይያዝም፣ እስቲ አለማምጃቸው» አሉኝ ዲኑ።

እኔ ደግሞ መፍትሔው ቀላል ነው የሚመስለኝ። ሰው በግልጽ ይናገር፣ በቃ። ቤታችን እንደዛ ነዋ። እናቴ ከእህቶቿ ጋር ስትከራከር በትግርኛ ትጀምራለች፣ እኔ ስገባበት በአማርኛ ትቀጥላለች፣ ስትናደድ ሁለቱንም ትቀላቅላለች። መጨረሻ ላይ ትንፋሽ የተረፈው ያሸንፋል። ክርክር ማለት ለኔ ያ ነበር።

ለሥነ ዜጋው መምህር፣ ለጋሼ፣ ጥያቄ ምን ብዬ መለስኩ? «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ» አልኩ። አሠልጣኝ መልስ ሲያጣ የሚለውን። ወዲያው መብራት ጠፋ። በሕይወቴ መብራት ሲጠፋ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ሁሉም ሻይና ቦምቦሊኖው ጋ ሄደ፣ ጥያቄውም እዚያው ቀረ።

ቀረ ልበል እንጂ ማታ ኦሎምፒያ ታክሲ ስጠብቅ አብሮኝ ቆሟል። ማን አሳምኖኝ ያውቃል? እናቴ? እናቴ አድክማኝ ታውቃለች። ዩኒቨርሲቲ? እዚያ ለማርክ ብዬ እሺ ብያለሁ። ተሸንፌ አውቃለሁ፣ ተሰላችቼ «እሺ በቃ» ብዬ አውቃለሁ። «ለካ እንዲህ ነው» ያልኩበትን ቀን ግን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ተናደድኩ። በሳቸው ነው የተናደድኩት፣ በራሴማ መች ተለምዶ።

በማግስቱ ራሳቸው ቢሮዬ መጡ። «ልጄ፣ ተቀይመሻል?»

«ኧረ ጋሼ፣ ለምን እቀየማለሁ?»

«እንግዲያው ቅዳሜ ክፍሌ ነይና የምትይውን አብረን እንሞክረው።»

ከዚያ ቁጭ ብለው ነገሩኝ። ዓመቱ ሲያልቅ ጡረታ ይወጣሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሥነ ዜጋ ያስተማሩት ኖት እያስጻፉ ነው። «መቻቻል ማለት ሁለት ነጥብ» ይላሉ፣ ተማሪው ይጽፋል፣ ፈተና ላይ ይመልሳል፣ ያልፋል። «ይኸው ስንቱን ዜጋ አስመረቅሁ» አሉኝ፣ «አንዱ ካንዱ ጋር ሲነጋገር ግን አላየሁም። ሳልወጣ አንድ ጊዜ ማየት እፈልጋለሁ።» ዲኑን ለምነው ከቅዳሜ ትምህርታቸው ላይ አንድ ሰዓት ለውይይት አስፈቅደዋል። ያቺን ሰዓት ሲናገሩ ፊታቸው የልጅ ፊት ሆነ።

የቅዳሜ ተማሪ ግማሹ ወጣት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ለደረጃ ዕድገት ወረቀት የሚፈልግ የመንግሥት ሠራተኛ። በመስኮት ሲታይ ግማሹ የዛገ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ግማሹ የታጠረ ባዶ መሬት ነው። ስለዚህ ጋሼ «የድሮ ሰፈር ይፍረስ ወይስ አይፍረስ?» ብለው ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ የመጽሐፍ ጥያቄ አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ የማስለቀቂያ ማስታወቂያ የደረሰው አለ፣ ኮንዶሚኒየም የወጣለት አለ፣ ስሙ እስኪወጣ የሚጠብቅ አለ።

ከስታዲየም ጀርባ ያደገ አንድ ባንክ ቤት የሚሠራ ልጅ ቀድሞ ተነሳ። «እኔ ጠዋት ክራቫቴን አስሬ፣ በአንድ እጄ ላፕቶፕ፣ በአንድ እጄ የውሃ ጆግ ይዤ የሽንት ቤት ወረፋ እቆማለሁ። ቅርስ ቅርስ ትላላችሁ፣ የቱ ነው ቅርሱ? ጆጉ?»

ከፊት የተቀመጡ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ዞሩ። እዚሁ ካዛንቺስ ተወልደው ያደጉ፣ ወደ ሃምሳ የተጠጉ፣ ድምፃቸው ኮሪደር የሚያቋርጥ ሴት ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ላንተ ሽንት ቤት ስለሌለህ የኔ ቤት ይፍረስ?»

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ ችግሩን ለምደውት ነው።»

«ችግር የለመደች አለኝ! ሰማችሁ?»

በቃ፣ ክፍሉ ሁሉ ብድግ አለ። ሊጣላ እንዳይመስላችሁ። ሊያስታርቅ! «ኧረ በናታችሁ!» «አንተ፣ እናትህ እኮ ናቸው!» «እትዬ፣ ልጅዎ ነው፣ ይተዉት!» አንዱ ልጁን በትከሻው ይገፋል፣ ሌላዋ እትዬን በክንዳቸው ይዛለች። «ተሳሳሙ! ተሳሳሙ!» ተሳሳሙ። ጭብጨባ ሆነ። ከኋላ ወንበር ቆሎ በላስቲክ መዞር ጀመረ።

«ቆይ፣ ቆይ!» አልኩ እኔ። «ታዲያ ይፍረስ ወይስ አይፍረስ?»

ሁሉም ለቅሶ ቤት የሳቀ ሰው እንደሚታይ አዩኝ። «ልጅት፣ ታረቁ እኮ!» አለችኝ አንዷ፣ ቆሎ እየዘገነችልኝ።

ደረጃ ላይ ጋሼን ያዝኳቸው። «ይሄ ውይይት አይደለም! ማን ምን እንደሚያስብ ሳይታወቅ ይሳሳማሉ እንዴ? ነገሩን ሳይጨርሱት አፈኑት እኮ!»

«እውነትሽን ነው» አሉ። «ማስታረቅ እንችላለን። ያጣላውን ነገር መስማት ነው ያቃተን።»

እኔ መድኃኒቱ ወዲያው ታየኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀድሜያቸው ገብቼ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ ማስታረቅ ክልክል ነው።

ውጤቱ ፍሬን የተበጠሰበት ሚኒባስ ሆነ። ልጁ ስለ ጆጉ ደገመ፣ እትዬ መለሱለት፣ ወጣቶቹ ባንድ ወገን አዛውንቶቹ ባንድ ወገን ተሰለፉ፣ የሚያስታርቅ ቢነሳ እኔ ሰሌዳውን እያሳየሁ አስቀምጣለሁ። አንዱ «እናንተ ትውልዱን ጎተታችሁት» አለ፣ ሌላው «እናንተስ የት ልታደርሱት ነው?» አለ። የሶፋ ሱቁ ሰውዬ ከሥር ይደበድባል። እኔም ጭራሽ ገባሁበት። «እኔ ቂርቆስ የቀበሌ ቤት ነው ያደግኩት! ዝናብ ሲዘንብ ባልዲ ስንደረድር ነው ያደርነው! ዛሬ ይፍረስ ቢባል ዶማውን የማቀብለው እኔ ነኝ!»

እትዬ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ደሞ ዳኛ ነሽ ወይስ ከሳሽ?»

መልሱ አፌ ላይ ሳለ በሩ ተከፈተ። ዲኑ ናቸው። አልጮሁም፣ ያ ነው የባሰው። ሰሌዳውን አነበቡ፣ እኔን አዩ፣ ወደ ጋሼ ዞሩ።

«የሚቀጥለው ቅዳሜ እኔ ራሴ መጥቼ እቀመጣለሁ። እንደዚህ ከሆነ ይህች ሰዓት ትዘጋለች፤ ወደ ኖቱ ይመለሳሉ።»

«እሺ ዶክተር» አሉ ጋሼ።

የኔም ሥራ አብሮ እንደሚታሰብ ገብቶኛል፤ ዲኑ ሲወጡ «ያንቺን ነገርም ያኔ እናየዋለን» ብለውኛል። ግን እውነቱን ልናገር፣ የኔ ነገር አልነበረም አንጀቴን የበላው። ያ «እሺ» ነው። ዕድሜ ልካቸውን እሺ ያሉ ሰው እሺ። ኖታቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ አየሁ፤ ጠርዙ ያለቀ፣ በላስቲክ የታሰረ። ያን ላስቲክ በጥሼ በመስኮት ብወረውረው ደስ ይለኝ ነበር።

ሰኞ ምድር ቤቱ ካፌ ማኪያቶ ልጋብዛቸው ይዤአቸው ወረድኩ። እኔ ዕቅድ አወጣለሁ፤ ተራ እንስጥ፣ ደቂቃ እንያዝ፣ ምናምን። እሳቸው ይሰሙኛል፣ ስልካቸው ግን አያስወራቸውም። የእህታቸው ልጅ ሊያገባ ነው፤ እሑድ ሽማግሌ ሆነው ወደ ልጅቷ ቤት የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። «እሺ፣ ሥራው ላይ አሁን ጎበዝ ነው ልበል?… የመጠጡን ነገር ቢጠይቁኝስ?… አይ፣ አልዋሽም፤ 'ድሮ ይጠጣ ነበር' ማለት ይሻላል… እሺ፣ ማታ ራሱን አገናኚኝ።» ዘጉት፣ ሳቁ።

«ጋሼ፣ ልጁን ይወዱታል?»

«ኧረ ቀልቤ አይወደውም። ልጅቷን ብሆን አላገባውም።»

«ታዲያ እንዴት ይሸመግሉለታል?»

«ሽማግሌ እኮ የራሱን አፍ ይዞ አይሄድም፣ ልጄ። የላኪውን ነው። አበላሽቼ ብናገርበት ላኪዬን አዋረድኩ። ስለዚህ ምን እንደሚፈልግ፣ ለምን እንደሚፈልግ ቁጭ ብዬ መጠየቅ አለብኝ። ይኸው ከተወለደ ጀምሮ የማውቀው ልጅ፣ በደንብ የሰማሁት ዘንድሮ ነው። እንዲያውም…» አቆሙ። «እንዲያውም ትንሽ ትንሽ እየወደድኩት ነው።»

ማኪያቶው ትን አለኝ። «ጋሼ!»

«ምነው?»

«እንላካቸው!»

«ማንን?»

«ተማሪዎቹን! ይፍረስ የሚለው አይፍረስ ለሚለው ሽማግሌ ይሁን! ማንም የራሱን አይናገር፣ የጠላቱን ይዞ ይሂድ!»

ማኪያቶአቸውን ቀስ ብለው ጠጥተው ጨረሱ። ለኔ ረጅም ጊዜ ነው፤ እኔ መጠበቅ አልችልም። «ይስቁብናል» አሉ በመጨረሻ።

«ይሳቁ! ስቀው ይስሙ!»

ቅዳሜ ደረሰ። ዲኑ ከኋላ ወንበር እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ጋሼ ኮታቸውን ቆልፈው ሕጉን ተናገሩ። እያንዳንዱ ወገን ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌው የሚመረጠው ግን ከተቃራኒው ወገን ነው። ላኪና ሽማግሌ ጥግ ይዘው ያወራሉ። ሽማግሌው የተላከበትን ሲናገር ላኪው ካልረካ «ተመለስ» ይለዋል፤ እንደገና ይጠይቀዋል።

«ቲቸር» አለ ባንከሩ፣ «የሚጠላኝን ነው ሽማግሌ የምልከው?»

«የሚወድህማ ምን ያስቸግረዋል?»

ልጁ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየና እትዬን መረጠ። ክፍሉ «ውይ!» አለ። እትዬ ደግሞ «ለሱ? ሞቼ ነው ለሱ የምሸመግለው!» እያሉ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ሽማግሌነት ባዶ ትከሻ አይኬድማ። ጥግ ይዘው ተቀመጡ። መጀመሪያ እትዬ ወደ መስኮቱ እያዩ ነበር የሚሰሙት። ኋላ ወደ ልጁ ዞሩ። ኋላ «እንዴ? ከመቼ ጀምሮ?» ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ ሌሎች ሁለት ሰዎች አስከትለው በሩን ከውጭ አንኳኩ።

«ይግቡ!» አልን።

ገቡ። ቆሙ።

«ቁጭ በሉ!»

«አንቀመጥም» አሉ እትዬ። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ ወንበር አንነካም።»

ሳቁ የሶፋ ሱቁን ሰውዬ ቀሰቀሰው፤ ከሥር አንድ ጊዜ ደበደበልን። እትዬ ሳቁ እስኪበርድ በትዕግሥት ጠበቁ።

«ልጃችን መልከ መልካም ነው፤ ክራቫት ያስራል። ሲቆጥር የሚውለው ብር የሰው ቢሆንም ጨዋ ነው።» እንደገና ሳቅ። «ልጃችን የድሮ ሰፈር ጠላት አይደለም። እናት አለችው። ጉልበቷን ያማታል። ሽንት ቤቱ ግቢውን አልፎ ነው፣ መሬቱ ያንሸራትታል። ስለዚህ እናቱ ከቀትር በኋላ ውሃ አትጠጣም። እንዳትሄድ ብላ። ልጃችን የሚላችሁ ይህን ነው፤ በዚህች ከተማ አንዲት እናት ውሃ ለመጠጣት መፍራት የለባትም።» ወደ ባንከሩ ዞሩ። «እንዲህ ነው የላክኸኝ?»

ልጁ ብድግ አለ። «እትዬ፣ እኔ ከተናገርኩት በላይ ተናገሩልኝ።»

«ተሳሳሙ!» ያለ አንድም ሰው የለም። 

አሁን ተራው የአይፍረሶች ሆነ። ላኪዋ እትዬ ናቸው። ሽማግሌ እንዲመርጡ ወደኛ ወገን ሲያዩ ሁሉም አንገቱን ደፋ። የእትዬ ጣት ግን ሁሉንም እያለፈ መጥቶ እኔ ላይ ቆመ።

«ያቺን ነው የምልከው። ዶማ አቀባይዋን።»

ክፍሉ ተገለባበጠ። «እኔ እኮ ተማሪ አይደለሁም» ልል አፌን ስከፍት ዲኑ ከኋላ በአገጫቸው «ሂጂ» አሉኝ።

መስኮቱ ሥር ተቀመጥን። «እሺ፣ ምን ልበልልዎ?» አልኩ ማርከሬን ከፍቼ። «አንደኛ?»

«አንደኛ፣ ማርከሩን ዝጊው» አሉኝ። «አትሩጪ።»

ታናሽ ወንድም አላቸው። ጎልማሳ ነው፤ አእምሮው ግን የልጅ ነው፣ ከተወለደ ጀምሮ። እናታቸው ሲያልፉ ለሳቸው ትተውላቸዋል። እትዬ ሥራ ሲሄዱ እሱ ሰፈር ይውላል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሱቅ ደጃፍ ይቀመጣል፣ ባለሱቁ ዳቦ ይሰጠዋል። ርቆ ከሄደ ኦሎምፒያ ያሉ የታክሲ ረዳቶች ያውቁታል፤ የሚመጣው ታክሲ ላይ ጭነው ይመልሱታል። አንዴ ቡና ቤት ገብቶ የሰው ምሳ ቢበላ፣ ሰውዬው ሊማታ ሲነሳ አስተናጋጇ «የኛ ልጅ ነው» ብላ ሌላ ሳህን አመጣችለት።

«እሺ፣ ሌላስ?» አልኩ። መቼም አልማርም።

«ሌላ የለም። አዲሱ ቤት የት እንደሚደርሰኝ አላውቅም። የሚያውቀን ሰው የለም እዚያ። በር ይኖረዋል፣ ጥሩ በር፣ ቁልፍ ያለው። ጠዋት ሥራ ስወጣ ምን ላድርግ? ልቆልፍበት?» ከዚያ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ስሚ፣ እንባ እንዳታመጪብኝ።»

ወጥቼ አንኳኳሁ። ገባሁ። «አንቀመጥም!» ብዬ ጀመርኩ፣ ሳቁልኝ። ከዚያ ድምፄን አለሳልሼ፣ «ላኪያችን ምስኪን ናቸው፣ ታማሚ ወንድም አለባቸው፣ እባካችሁ እዘኑላቸው…»

«ተመለሺ!» እትዬ ከወንበራቸው ተነስተዋል። «እኔ ሽማግሌ ላክሁ እንጂ ለማኝ መች ላክሁ?»

ክፍሉ እየሳቀ ወደ መስኮቱ ሸኘኝ። ጆሮዬ እስኪግል አፍሬ ተቀመጥኩ። አሁን ግን ማርከሩንም ዘጋሁ፣ አፌንም ዘጋሁ። ጠየቅኋቸው፤ መልስ እስኪሰጡኝ ጠበቅኋቸው። መጠበቅ! እኔ! «ታዲያ እትዬ፣ ምን እንዲባልልዎ ነው የሚፈልጉት?» ቀስ ብለው ነገሩኝ። መልሼ ነገርኳቸው። «አይደለም» አሉኝ፣ አስተካከሉኝ። እንደገና ነገርኳቸው። «አሁን ሂጂ» አሉኝ።

ሁለተኛ አንኳኳሁ።

«ላኪያችን ባለ ሙሉ ቤት ናቸው» አልኩ። «ቤታቸው ግን ግድግዳው አይደለም። ግድግዳውንማ ራሳቸውም አይወዱትም፣ ክረምት ያፈሳል። ቤታቸው ባለሱቁ ነው፣ የታክሲ ረዳቱ ነው፣ 'የኛ ልጅ ነው' ያለችው አስተናጋጅ ናት። ወንድማቸውን ሳይቆልፉበት ሥራ መግባት የቻሉት በነዚህ ሰዎች ነው። ላኪያችን የሚሉት፣ ስታፈርሱ የምትቆጥሩት ክፍል ብቻ ነው፤ ሰዎቹንም ቁጠሩልን ነው። እዘኑልኝ አላሉም።» ዞርኩ። «እንዲህ ነው የላኩኝ?»

«አሁን ሽማግሌ ሆንሽ» አሉ እትዬ።

ባንከሩ ተነሳ። ክራቫቱን ነካ ነካ አደረገ። «ሽማግሌ፣ ጥያቄ አለኝ። ሰፈሩ ባንድ ላይ፣ አንድ ሕንፃ ላይ ቢዛወርስ? ባለሱቁም፣ ሁሉም?»

መልስ አፌ ላይ ነበር። የኔ መልስ ነው ግን፣ የሳቸው አይደለም። «ላኪዬን ልጠይቅ» ብዬ ተመልሼ ሮጥኩ።

እትዬ እንኳን ሳይቀመጡ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ባንድ ላይ ከሆነማ ዶማውን እኔ ራሴ እይዛለሁ!» አሉ። «የምፈራው እጣውን ነው። አንዱን ጎተራ፣ አንዱን ከከተማ ዳር ይበትነዋል።»

«እንግዲያውስ ቁጭ በሉ» አለ ባንከሩ፣ «ልጅቷን ሰጥተናል!» አንዷ እልልታዋን ለቀቀችው፣ ወንበር ተጎተተ፣ የሶፋ ሱቁ መጥረጊያ ተንደቀደቀ።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመው። እጣ ይቅር የሚል መጣ፣ ያለ እጣ ሙስና ይሆናል የሚል መጣ፣ ሽማግሌ በሽማግሌ ሆነ። መሐል ላይ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ ጮኸ።

«ድንኳንስ? እኔ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው! ጎረቤቴ እናቱ ሞቱበት፣ ድንኳኑ መኪና ማቆሚያ ላይ ተተክሎ እኔ የማን ለቅሶ እንደሆነ ሳላውቅ የመኪናዬን ጥሩንባ እየነፋሁ ሳልፍ ዋልኩ!»

ዲኑ ናቸው። ቆመዋል። እጃቸው ተፈትቷል።

ጋሼ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ዛሬ ማንም የራሱን አይናገርም። ሽማግሌ ይላኩ።»

 ዲኑ ክፍሉን አዩ፣ ጋሼን አዩ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን በላስቲክ የታሰረ ኖት አዩ። «አንተ» አሉ ባንከሩን፣ «ና፣ ልላክህ።»

ሰዓቱ አልቆ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ። «የሚቀጥለው ቅዳሜ ርዕሱ ምንድነው?»

«ቋንቋ» አሉ ጋሼ።

ዲኑ በረጅሙ ተነፈሱ። «ወንበር ያዙልኝ እንግዲህ» ብለው ሄዱ።

ተማሪው እየተከራከረ ደረጃውን ወረደ። እትዬ ባንከሩን ለእናቱ ጉልበት የሚሆን ቅባት ሲነግሩት፣ እሱ ደግሞ «እጣው ግን እትዬ…» ሲላቸው ይሰማል። አልተስማሙም፤ የሚስማሙም አይመስለኝም። ጋሼ ጠመኔያቸውን ከእጃቸው አራግፈው፣ ኖቱን ቦርሳቸው ውስጥ ሳይከፍቱት ከተቱ። ደስታቸው ወደ ውጭ የሚወጣ ዓይነት አይደለም፤ ግን የኮታቸውን ቁልፍ አዛንፈው ሲቆልፉ አየኋቸው።

ምድር ቤት ስንደርስ መብራት ጠፍቶ የካፌው ጄኔሬተር ይጮሃል።

«ጋሼ፣ ያን ቀን አንድ ጥያቄ ጠይቀውኝ ነበር።»

«ምን?» ጆሯቸውን በእጃቸው ደገፉ።

«ሰው አሳምኖሽ ያውቃል ወይ ብለው!»

«እኔ ነኝ? እንዲህ ያለ ባለጌ ጥያቄ?» ሳቁ። «ምን ብለሽ መለስሽልኝ?»

«አልመለስኩም።»

«አልሰማሁሽም፣ ልጄ!»

«አዎ!» ብዬ ጮህኩ፤ ካፌው ሁሉ ዞሮ እያየኝ። «አዎ፣ ያውቃል! ዛሬ እትዬ አሳምነውኛል!»